የላካችሁት ኢ-ሜይል ቅጂ የት ገባ? የመላኪያ ሩል አልሠራ ሲል እንዴት እንደሚፈተሽ

ኢ-ሜይል በብዛት የሚላላክ ቢሮ ውሎ አድሮ አንድ ችግር ይገጥመዋል። የተላከው መልእክት በሺዎች ይከማችና አምና ለአንድ ደንበኛ የሄደን የዋጋ ማቅረቢያ ለማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለዚህ የተበጀው ዘዴ ሩል ይባላል። ተንደርበርድ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ “ፊልተር” ይለዋል። ለሶፍትዌሩ አስቀድሞ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ “ርዕሱ ላይ ጨረታ የሚል ካለ ቅጂውን ጨረታ በተባለው ፎልደር አስቀምጥ” እንደ ማለት። ለሚመጣ ኢ-ሜይል ነገሩ ቀላል ነው። ለሚላክ ኢ-ሜይል ሲሆን ግን ሩል ሌላ ጠባይ አለው፤ “አልሠራ አለ” የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጠባዩ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

እኔ የምተዳደረው ኮልፌ ቀራንዮ ዓለም ባንክ አካባቢ የቢሮ ኮምፒዩተሮችን በመጠገን ነው። በዚህ ጉዳይ ተጠርቼ ስሄድ ሩሉ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሞ የማገኝበት ጊዜ ይበዛል። የታዘዘውና የተፈለገው ሳይገጥሙ ቀርተው ነው እንጂ።

ጉዳዩ ፎልደር የማስተካከል ብቻ አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንደማያጣ ደንግጓል። ስለዚህ “ዕቃውን በዚህ ቀን አስረክባለሁ” ብላችሁ የጻፋችሁት ኢ-ሜይል ነገ ክርክር ቢነሣ የምትፈልጉት ማስረጃ ነው። ተቀባዩ “አልደረሰኝም” ሲል በእጃችሁ የሚቀረው የተላከው ቅጂ ነውና የት እንዳለ ማወቅ ግድ ይላል።

በሰፈራችን መጋዘን ያለው አንድ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ድርጅት “ኮምፒዩተራችን ቫይረስ ገብቶበታል” ብሎ ጠርቶኝ ነበር። ቢሮው ወደ መጋዘኑ የሚልካቸው የዕቃ ማውጫ ትእዛዞች ርዕሳቸው ላይ “ዓለም ባንክ” የሚል አላቸው። የቢሮው ሠራተኛ ይህ ቃል ርዕሱ ላይ ያለበት ኢ-ሜይል ሁሉ ቅጂው የመጋዘኑ ሰዎች በሚከፍቱት የጋራ ፎልደር እንዲገባ ሩል አዘጋጅታለች። ለወራትም ያለ ችግር ቆየ። ኋላ ግን ድርጅቱ ከሌላ ድርጅት ጋር ተጣምሮ በዓለም ባንክ ገንዘብ ለሚሠራ የመንገድ ሥራ ጨረታ ለመወዳደር ተነሣ። ሥራ አስኪያጁ ለአጋራቸው የላኩት የዋጋ ዝርዝር ርዕሱ “የዓለም ባንክ ጨረታ” ይል ስለነበር ቅጂው በቀጥታ መጋዘን ገባ። ጨረታው ሳይከፈት የድርጅቱን ዋጋ ጫኝና አውራጁ ሳይቀር አወቀው። በዚያው ሳምንት ደግሞ ወደ መጋዘኑ የተላኩ ሦስት የዕቃ ትእዛዞች ፎልደሩ ውስጥ አልተገኙም። መግባት የሌለበት ገብቶ መግባት ያለበት ቀርቷል ማለት ነው። ቫይረስ ግን አልነበረም።

የሰፈሩ ስም በዓለም ባንክ ብድር ከተሠሩ የመኖሪያ ቤቶች እንደመጣ ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። ሩሉ ግን ሰፈሩን ከባንኩ አይለይም። ከፊደል በቀር የሚያየው ነገር የለም። ሦስቱ ትእዛዞች ለምን እንደጠፉ ከታች እመለስበታለሁ፤ ከዚያ በፊት መቅደም ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው “ኢ-ሜይሉ ከየት ተላከ?” ተብሎ ነው። የመላኪያ ሩልን የሚፈጽመው መልእክቱ የተጻፈበት ሶፍትዌር ነው። በቢሮ ኮምፒዩተር ያለ አውትሉክ ላይ ያዘጋጃችሁት ሩል በዚያ አውትሉክ የላካችሁትን ብቻ ይመለከታል። ያንኑ አድራሻ ተጠቅማችሁ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ከስልካችሁ ብትልኩ ቅጂው “ሴንት አይተምስ” ከተባለው የተላኩ መልእክቶች ፎልደር ይደርሳል እንጂ ሩሉ አይነካውም። ከኢንተርኔት ማሰሻ የሚላክም እንዲሁ ነው። ለሚመጣ ኢ-ሜይል ብዙውን ሩል ሰርቨሩ ራሱ ስለሚፈጽመው ኮምፒዩተራችሁ ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም። የመላኪያው ሩል ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ዛሬ ሥራ አስኪያጅ ሁሉ ከስልክ በሚልክበት ጊዜ፣ ከማያቸው ቅሬታዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ያልቃሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ “በእርግጥ ተልኳል ወይ?” የሚል ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም መስመር ሲቋረጥ መልእክቱ “አውትቦክስ” ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። አውትሉክ ላይ ሩሉ ሲጻፍ ራሱ “ከላክሁ በኋላ ፈጽም” ነው የሚለው። ስለዚህ ያልወጣ መልእክት በሩሉ ፎልደር አይጠበቅም። በአይማፕ ለሚሠሩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። መልእክቱን መላክና ቅጂውን ሰርቨሩ ላይ ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መልእክቱ ሄዶ ቅጂው ሳይቀመጥ መስመሩ ሊቋረጥ ይችላል። ተቀባዩ “ደርሶኛል” እያለ እናንተ ዘንድ ምንም ቅጂ ካጣችሁ ይህን ጠርጥሩ። ሶፍትዌሩ “ቅጂውን ማስቀመጥ አልተቻለም፣ እንደገና ልሞክር?” ብሎ ሲጠይቅ ሳያነቡ መዝጋት በየቢሮው የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ሶፍትዌሮቹ እንግባ። አውትሉክ ላይ ብዙ ሰው የሚያማርረው “ቅጂው ወደ ፎልደሩ ገብቷል፣ ዋናው ግን ከሴንት አይተምስ አልተነሣም” እያለ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም። ለሚመጣ ኢ-ሜይል “አንቀሳቅስ” የሚል ትእዛዝ አለ። ለሚላከው ግን አውትሉክ የሚፈቅደው “ቅጂውን ወደ ፎልደር ውሰድ” የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ሩሉ ቢሳሳት እንኳ ዋናው በቦታው ይገኛልና። ዋናውን ለማስቀረት “የተላከ ቅጂ አታስቀምጥ” የሚለውን ምርጫ የሚያበሩ አሉ። ማስረጃ የሚያስፈልገው ቢሮ እንዲህ እንዲያደርግ አልመክርም።

የአውትሉክን ሩል ዝርዝር ስትከፍቱ አንዱ በቀይ ጽሑፍ ከታያችሁ የሚፈልገውን ነገር አጥቷል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ፎልደሩ ነው። አንድ ሰው ስሙን ለውጦታል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ፎልደሩ ተሰርዞ፣ ወይም የነበረበት ፒኤስቲ የተባለው ማስቀመጫ ፋይል ተዘግቶ ይሆናል። በተለይ አሮጌ ኢ-ሜይል በፍላሽ ዲስክ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ የሚያስቀምጡ ቢሮዎች ዲስኩን ነቅለው ሲሄዱ ሩሉም አብሮ ይቆማል። ሩሉን ከፍታችሁ ፎልደሩን እንደገና ምረጡለት። ሌላም ነገር ልብ በሉ። ማይክሮሶፍት አዲሱን አውትሉክ ለዊንዶውስ ሲያወጣ የመላኪያ ሩልን ይዞ አልመጣም። በነባሩ አውትሉክ ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ሩል ወደ አዲሱ በተዛወራችሁ ማግስት ከጠፋ ሰበቡ ይኸው ነው።

ተንደርበርድ ለሚላክ ኢ-ሜይል ፊልተር የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው በ38ኛው እትሙ ነው። ፊልተሩን ስታዘጋጁ “መቼ ይፈጸም?” የሚል ምርጫ አለ። “አዲስ ኢ-ሜይል ሲመጣ” የሚለው ብቻ ምልክት ተደርጎበት “ከተላከ በኋላ” የሚለው ባዶ ከሆነ የተላከውን አያየውም። ስንቱ ቢሮ በዚህች አንዲት ሳጥን እንደሚቸገር ብነግራችሁ አታምኑኝም። ቀጥሎ መታየት ያለበት ፊልተሩ የተጻፈው በየትኛው አካውንት ሥር ነው የሚለው ነው። ተንደርበርድ ለእያንዳንዱ አካውንት የየራሱን የፊልተር ዝርዝር ይይዛል። የተላከው ቅጂ የሚቀመጠው በአንደኛው አካውንት ሆኖ ፊልተሩ በሌላው ሥር ከተጻፈ አይገናኙም። “ቅጂና ፎልደር” በሚለው የአካውንቱ ገጽ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ ካያችሁ በኋላ ፊልተሩን እዚያው ጻፉ። ፊልተሩ የሠራውን የሚመዘግብ መዝገብም አለው፤ አብሩትና የትኛው መልእክት በየትኛው ፊልተር እንደተነካ ከመገመት ይልቅ አንብቡ። ፎልደሩ ውስጥ መልእክቱ እያለ የማይታይ ከመሰላችሁ ደግሞ የፎልደሩን ማውጫ እንዲያድስ “ፎልደሩን ጠግን” የሚለውን እዘዙ።

ጂሜልን በተንደርበርድ የምትጠቀሙ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ጂሜል በራሱ ሰርቨር በኩል የተላከውን ሁሉ ቅጂ ሳይጠየቅ ያስቀምጣል። ተንደርበርድም ካስቀመጠ ሁለት ቅጂ ይሆናል ተብሎ የተንደርበርድ ቅጂ እንዲጠፋ ይደረጋል። ተንደርበርድ ያስቀመጠው ቅጂ ከሌለ ደግሞ ከመላክ በኋላ የሚፈጸመው ፊልተር የሚነካው ነገር አያገኝም። ከሁለት አንዱን መምረጥ ነው፤ ወይ ድርብ ቅጂውን መቻል፣ ወይ ፊልተሩን በእጅ በተላኩት ፎልደር ላይ ማስኬድ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በሳምንት አንዴ አርብ ከሰዓት በኋላ ማስኬድ ይበቃል።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ የጠፉ ትእዛዞች እንመለስ። ይህ ነገር በእንግሊዝኛ በተጻፉ መመሪያዎች አይገኝም፤ የእኛው የፊደል ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ሲሆን “አ” 4768፣ “ኣ” 4771፣ “ዐ” 4816፣ “ዓ” ደግሞ 4819 ቁጥር አላቸው። በንግግራችን አራቱም አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለሩሉ ግን አራት የማይተዋወቁ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ “ዓለም ባንክ” የሚልን የሚፈልግ ሩል “አለም ባንክ” ተብሎ የተጻፈውን ያልፈዋል። በሁለቱ ቃላት መካከል ደግሞ አንዱ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ሌላው ሁለት ነጥብ ያደርጋል፣ ሦስተኛው ገጥሞ “ዓለምባንክ” ይላል። አራት የፊደል ምርጫ በሦስት አከፋፈል ሲባዛ የሰፈራችን ስም ብቻ በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው። የጠፉትን ትእዛዞች የላኩት ሌላ ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው በ“አ” ነው የሚጽፉት። ሩሉን ያዘጋጀችው ልጅ በ“ዓ” ትጽፋለች። በቃ ይኸው ነው።

“ሂሳብ” የሚለውን ቃል ውሰዱ። በሃሌታው “ሀ” ወይም በሐመሩ “ሐ”፣ በእሳቱ “ሰ” ወይም በንጉሡ “ሠ” እየተለዋወጠ አራት ዓይነት ይወጣዋል፤ በብዙኃኑ “ኀ” የሚጽፍ ከተጨመረ ስድስት ይሆናል። የሂሳብ ክፍሉ ሩል የሚያመልጠው ለዚህ ነው። በተቃራኒው “ጨረታ”፣ “ክፍያ” እና “ውል” ድምፀ ተመሳሳይ ፊደል ስለሌላቸው ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ይጽፋቸዋል። ለሩል የምትመርጡትን ቃል ከዚህ ወገን ብትመርጡ ያዋጣችኋል።

ይሁን እንጂ “ውል” ሌላ ችግር አለበት። ሩሉ የሚፈልገው “ው” እና “ል” ተከታትለው የሚገኙበትን ቦታ ሁሉ ነው። “ውሉን ተመልከቱት” ብላችሁ ብትጽፉ “ል” ወደ “ሉ” ስለተለወጠ አያገኘውም። “የአዲሱ ትውልድ ማኅበር ስብሰባ” ብትሉ ግን “ትውልድ” ውስጥ “ውል” ስላለ ከውሎቻችሁ ጋር ያስቀምጠዋል። “ደረሰኝ” እና “ደረሰኙ” ላይም ያው ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ መጨረሻው ላይ ቅጥያ ሲጨመር የቃሉ አካል ባብዛኛው እንዳለ ይቀራል። በእኛ አጻጻፍ ግን በሳድስ የሚያልቅ ቃል ቅጥያ ሲጨመርበት የመጨረሻ ፊደሉ ራሱ ይለወጣል። በራብዕ የሚያልቁት “ጨረታ” እና “ክፍያ” “ጨረታው”፣ “ክፍያው” ሲባሉ ግን አይበላሹም። የፊት ቅጥያ የሆኑት “የ”፣ “በ”፣ “ለ” አያስቸግሩም። የመጨረሻ ፊደሉ የሚለወጥ ቃል ካላችሁ ሁለቱንም ቅርጽ ለሩሉ ስጡት። አውትሉክ በአንድ ዝርዝር የገቡ ቃላትን “ከነዚህ አንዱ ቢገኝ” ብሎ ስለሚረዳ 12ቱንም የሰፈራችንን አጻጻፍ መደርደር ይቻላል፤ ለእኔ ግን ይህ የማያልቅ ሥራ ነው።

የሚሻለው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሩሉን በቃል ሳይሆን በተቀባዩ አድራሻ ማሰር ነው። መጋዘኑ የራሱ አድራሻ ካለው “ወደዚህ አድራሻ የሄደ ሁሉ” ማለት ከሰፈሩም ከባንኩም ጣጣ ያድናል። አድራሻው በዋና ተቀባይነት ነው ወይስ በግልባጭ የሚጻፈው የሚለውን አስተውሉ፤ “ለ” የሚለውን ብቻ የሚያይ ሩል ግልባጭ የተደረገለትን አያይም። ሁለተኛው መንገድ ቢሮው ተስማምቶ ርዕሱ ላይ የሚያስገባው መለያ ነው፤ ለምሳሌ “መጋ-01”። ለአስመጪው ድርጅት ሁለቱንም አደረግንለት፤ በተጨማሪም ርዕሱ ላይ “ጨረታ” የሚል ካለ ሩሉ እንዲያልፈው ገደብ አስገባን። አውትሉክ የተለያዩ መስፈርቶችን ሁሉም እንዲሟሉ ይጠብቃል። ተንደርበርድ ግን “ሁሉም” ወይም “አንዱ” የሚለውን እናንተን ያስመርጣል፤ “አንዱ” ላይ ከቀረ ያልታሰበ ሁሉ ይገባል።

አሮጌ ኢ-ሜይል ላይ ሩል የምታስኬዱ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። ዩኒኮድ ሳይስፋፋ አማርኛ የሚጻፈው በልዩ ልዩ የፊደል ሶፍትዌሮች ነበር። ስክሪኑ ላይ “ሰላም” የሚታየው ጽሑፍ ውስጡ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቅልቅል ነው። ዛሬ በዩኒኮድ የምትጽፉት ቃል እዚያ ውስጥ የለም። አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፍ ልማድም ገና አልጠፋምና የዚያን አጻጻፍ ጨምሩ። ርዕሱ በጥያቄ ምልክቶች ብቻ ተሞልቶ የምታገኙት መልእክት ካለ ሲላክ የፊደል ኮዱ ለአውሮፓ ፊደል ብቻ ተስተካክሎ ነበር ማለት ነው። ያ ቃል ተመልሶ አይገኝም። ለወደፊቱ ግን የሚላከው ኢ-ሜይል ኮድ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አረጋግጡ።

ቀንን መስፈርት ያደረገ ሩል ካላችሁ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር እንደሆነ አትርሱ። የበጀት ዓመታችን የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ለእሱ ጁላይ 8 ነው። የበጀት ዓመቱን ከጁላይ 1 ያስጀመረ ሩል ከሰኔ 24 እስከ ሰኔ 30 ያለውን የመዝጊያ ሳምንት፣ ክፍያ የሚጣደፍበትን ማለት ነው፣ በአዲሱ ዓመት ፎልደር ይከተዋል። የቦርዱ ባትሪ ያለቀበት አሮጌ ኮምፒዩተርም መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ዓመታት በፊት ይመለሳልና ሰዓቱን እዩ።

የሩሎች ተራም ትርጉም አለው። ከላይ ያለው “ከዚህ በኋላ ሌላ ሩል አትፈጽም” የሚል ትእዛዝ ካለበት ከታች ያለው ተራው አይደርሰውም። ጠባቡን ሩል ከላይ፣ ሰፊውን ከታች አድርጉ።

ሁሉንም አይታችሁ ካልተገኘ በግምት አትነካኩ። ሌሎቹን ሩሎች ለጊዜው አጥፉና አንድ ብቻ፣ አንድ ቃል ብቻ ያለው ሩል አዘጋጁ። ወደ ራሳችሁ አድራሻ መልእክት ላኩ። ለደንበኛ አድራሻ የሙከራ ኢ-ሜይል የሚልኩ አሉ፤ ደስ አይልም። የሙከራውን ቃል ከሩሉ ላይ ቀድታችሁ ርዕሱ ላይ ለጥፉት። የተለጠፈው ከሠራና በእጃችሁ የጻፋችሁት ካልሠራ ችግሩ ፊደል ነው። የተለጠፈውም ካልሠራ ቅጂው መቀመጡን፣ አካውንቱን፣ ፎልደሩን በዚሁ ተራ እዩ። ከዚያ ሩሎቹን አንድ በአንድ መልሱ።

ሩሉ ከተስተካከለ በኋላ አዲሱን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ቀደም ሲል ያመለጡት በተላኩት ፎልደር ውስጥ አሉ። ተንደርበርድ ላይ ፊልተሩ በእጅም እንዲሠራ ምልክት አድርጋችሁ ፎልደሩ ላይ ማስኬድ ትችላላችሁ። አውትሉክ ላይ እያንዳንዱን አጻጻፍ ፈልጋችሁ ያገኛችሁትን በእጅ ቅዱት። የአስመጪው ድርጅት ሦስት ትእዛዞችም የተገኙት እንዲሁ “አለም” ብለን ስንፈልግ ነው። ከእነሱ ጋር በዚያው አጻጻፍ የተጻፉ ሌሎች አሥራ አንድ ትእዛዞች ወጡ፤ መጋዘኑ እስከዚያ ቀን የዕቃ ጉድለት እያለ ሲመዘግባቸው የነበሩት ናቸው።